ለ911 መከላከያ ፊልም፦ ሙሉ ኮፈን ወይስ ግማሽ? አዲስ በተቀባ ቀለም ላይስ?

ዳገት ነጂ (ዴንቨር)

ሰላም ወገኖች። መኪናው ፖርሼ 911 ካሬራ ነው፣ 992 የሚባለው ትውልድ፣ ጥቁር። በበረዶ ወቅት በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ሲወጣ መንገዱ ላይ የሚበተነው አሸዋና ጠጠር ቀለሙን እየቦረቦረው ነው። ኮፈኑ ከሦስት ሳምንት በፊት እንደገና ተቀብቷል። ግልጽ ፊልም ላለብሰው አስቤያለሁ፦ ኮፈኑ ሙሉ ይሸፈን ወይስ ግማሹ ይበቃል? አዲሱ ቀለም ስንት ቀን ይጠብቅ? ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ፋብሪካው የለጠፋት ቁራጭ ትነሳ ወይስ በላይዋ ይለጠፍ? ከበሩ ሥር ያለውንና ስፖኪዮዎቹን ደግሞ ራሴ ብሞክርስ?

ቀለም ጠባቂ

ወንድሜ፣ ኮፈኑን ሙሉውን አድርገው። ግማሽ ሲሆን ፊልሙ የሚያልቅበት መስመር ሰምና አቧራ ይይዛል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ነጭ ክር ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ሙሉ ሲሆን ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይደበቃል።

ፊልሙ ቲፒዩ (ፖሊዩሬታን) መሆኑን አረጋግጥ። ለቀለም መቀየሪያ የሚሸጠው ፒቪሲ ቪኒል ጠጠር አይመልስም። ደህናው ቲፒዩ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የፋብሪካ ቀለም ከነቫርኒሹ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የምታለብሰው ከቀለሙ ራሱ ይወፍራል።

911 ላይ ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ አስቦ ሌላውን ይረሳል። የመኪናው ወገብ ጠባብ፣ የኋላ ፓራፋንጎው ሰፊ ስለሆነ የገዛ የፊት ጎማዎቹ የሚወረውሩት ጠጠር እዚያው ላይ ያርፋል። ፋብሪካው ያቺን ቁራጭ የለጠፈው ለዚህ ነው። እንግዲህ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ከበሩ ሥር ያለው ክፍልና የኋላ ፓራፋንጎው የፊት ገጽታ፤ ገንዘቡ ከበቃ የጣሪያው የፊት ጠርዝ ይጨመር።

አሁን ወደ ኮፈኑ። ሦስት ሳምንት አይበቃም። ከቀለሙ የሚወጣው ማቅለያ ገና አላለቀም፤ ፊልም ከታፈነበት የማይጠፋ አረፋ ይሠራል፣ ወደፊት ፊልሙ ሲነሳም ቫርኒሹን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ 30 ቀን ጠብቅ፤ በምድጃ ሳይሆን በአየር ብቻ የደረቀ ከሆነ 60 ቀን። የተጠቀሙበት ቀለም አምራች ከዚህ የረዘመ ቀን ካዘዘ የእሱን ያዝ።

የቀረው አካል እንደገና መቀባት አለመቀባቱን በቀለም ውፍረት መለኪያ ሳትለካ ፊልም አታስነካው። የ992 የውጭ ቆዳ ከፊትና ከኋላ ክፍሎቹ በስተቀር አሉሚኒየም ነው፤ በማግኔት ብቻ የሚሠራ መለኪያ ምንም አይነግርህም። አሉሚኒየም የሚያነብ መሣሪያ ፈልግ። ፓራውልቱ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ይህ መሣሪያም አያነበውም።

እጀ ንጹሕ

ራስህ ለመለጠፍ ካሰብክ ከበሩ ሥር ያለውን ሞክር፣ ስፖኪዮውን ግን ለባለሙያ ተው። ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ እንቁላል ነገር ስለሆነ ግን ከመኪናው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

ሥራው ሰባ በመቶው ማጽዳት ነው። በሻምፑ እጠብ፣ የብረት ብናኝ ማሟሟያ ርጭተህ አለቅልቅ፣ ክሌይ ባር (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚለቅም ሸክላ መሰል ነገር) አሽተህ ጨርስ። መጨረሻ ላይ አይሶፕሮፒል አልኮልና ውሃ በማይክሮፋይበር። ሰም ወይም ሴራሚክ (የቀለም መከላከያ ፈሳሽ ሽፋን) ቀርቶበት ከሆነ ሙጫው አይዝም።

ሁለት የሚረጭ ጠርሙስ አዘጋጅ። አንደኛው ማንሸራተቻ፦ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ 4 ወይም 5 ጠብታ የሕፃን ሻምፑ፣ ኮንዲሽነር የሌለበት። ሁለተኛው ማጣበቂያ፦ አንድ እጅ አልኮል ለሦስት እጅ ውሃ። ጋራዡ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ወለሉን አርጥበው፣ ማራገቢያ አጥፋ፣ የሱፍ ሹራብ አትልበስ።

ቀለሙንም፣ የፊልሙን ሙጫም፣ ጣቶችህንም በማንሸራተቻው አርስ። ፊልሙን አስተካክለህ መሃሉን በጎማ መግፊያ ያዝ፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር ግፋ፣ እያንዳንዱ ግፊት የቀደመውን በግማሽ ይደርበው። ዳር ስትደርስ ገለጥ አድርገህ ማጣበቂያውን ርጭ፣ ሳሙናው ይውጣ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቅና ተጫን። ጠርዝ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሳሙና ከሥሩ ስለቀረ ነው። ካልያዘ ሙቀት አትጨምርበት፤ ውሃው እስኪተን ጠብቀህ እንደገና ተጫን። በኃይል ከሳብከው ሙጫው ላይ መስመር ይቀራል፣ ያ መስመር አይጠፋም።

መኪናው ላይ በምላጭ አትቁረጥ። ቫርኒሹን የበጣ ምላጭ ፊልሙ እስከሚነሳ አይታይም። በልኩ ተቆርጦ የሚመጣውን እዘዝ።

የበረዶ መንገድ

የፋብሪካዋ ቁራጭ ትነሳ። በላይዋ ከተለጠፈ ጠርዟ ጎልቶ ይታያል፣ ዙሪያውን አየር ይይዛል። በሂት ጋን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ለእጅ የሚያቃጥል ያህል፣ ወደ 60 ዲግሪ፣ አሙቀህ ወደ ኋላ አጥፈህ ከገጹ ጋር ተጠግተህ ቀስ ብለህ ሳብ። ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሳብ ሙጫውን ቀለሙ ላይ ያስቀራል። የቀረው በአልኮል ይለቃል።

ኮሎራዶ ላይ ከጠጠሩ ጋር የሚረጨው ማግኒዢየም ክሎራይድ (የበረዶ ማቅለጫ ጨው) ጠርዝ ሥር ገብቶ ነጭ ይሆናል፤ ከተራራ በወረድክ ቁጥር አለቅልቀው። ከተለጠፈ በኋላ ግን ለ7 ቀን አይታጠብ። የውሃ አረፋ ካየህ በመርፌ አትንካው፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ይተናል። የግፊት ማጠቢያውን ከ50 ሴንቲሜትር አታቅርብ፣ ጠርዙን ፊት ለፊት አትምታው።

ሴራሚክ ከፈለግህ በፊልሙ ላይ፣ ከሳምንት በኋላ። ጭረት በሙቀት ይድናል የሚባለው እውነት ነው፣ የላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ግን። ፊልሙን የሰነጠቀ ጠጠር አይድንም፤ ያ ክፍል ይቀየራል።

ደግሞ የ911 ነዳጅ መሙያ በቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ነው፣ ፊልም በሚለጠፍበት ቦታ። የተንጠባጠበ ቤንዚን ከቆየ ያበልዘዋል፤ ወዲያው ይጠረግ።

ዳገት ነጂ

እግዜር ይስጥልኝ። ኮፈኑን 60 ቀን አቆየዋለሁ። ፓራውልቱ ላይ ያሉት የማቆሚያ ሴንሰሮችስ አብረው ይሸፈኑ?

እጀ ንጹሕ

አይሸፈኑ፣ ዙሪያቸው ይከፈት። ክቧ ገጽታ በድምፅ እየተርገበገበች ነው የምትለካው፤ ፊልም ከያዛት ባዶ ቦታ ላይ ትጮሃለች። ተቆርጦ በመጣው ፊልም ላይ ቀዳዳዎቹ መኖራቸውን ጀርባውን ከመላጥህ በፊት ተመልከት።