በምኒልክ ዘመን ነፍሰ ገዳይ የምታሳድድ ሴት፦ ልብ ወለዴን አግዙኝ

ጠያቂ፦ ጀማሪዋ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆን የወንጀል ልብ ወለድ ጀምሬያለሁ። አንድ ነጋዴ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ በማግስቱ አራዳ ገበያ አጠገብ ተገድሎ ይገኛል። ገዳዩን የምታወጣው ባልም ሹመትም የሌላት ሴት ናት። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ያኔ ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ ራሷን ችላ ትኖር ነበር? ደግሞስ ተጠርጣሪውን በምን ሥልጣን ታስቆመዋለች?

የታሪክ መምህሩ

መጀመሪያ ባቡሩን አውጪው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሰውዬሽ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ይምጣ። እንዲያውም ይሻልሻል። በየኬላው ቀረጥ ሲከፍል ያየው ሰው ይኖራል፤ አብሮት የተጓዘም እንደዚሁ። ለሴትዮዋ የሚጠየቅ ምስክር በዛላት ማለት ነው። የውጭ አገር ሰው ማስገባት ካማረሽ እቴጌ ሆቴል በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ነው።

የባለ ጠጅ ቤት የልጅ ልጅ

ፈትታ የወጣች አድርጊያት፣ እህቴ። የሰማንያ ጋብቻ ሲፈርስ ሀብት ይካፈሉ ነበር፤ ሴት ርስት ትወርሳለች፣ ታወርሳለች። በቁርባን አጋብተሻት ከሆነ ግን ፍቺው እንዲህ አይቀልም፣ ተጠንቀቂ። በድርሻዋ ጠጅ ቤት ትክፈት። ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ የመኳንንቱ አሽከርም እዚያ ይገባል። ሁለት ብርሌ የጨረሰ ወንድ ሳይጠየቅ ያወራል። ሰፈሩ ያማታል፣ ግን ገንዘቧ የራሷ ነው። እኔ ብሆን ሐሜቱንም አልተወውም።

ነገረ ፈጅ

ሥልጣን አያስፈልጋትም! «በሕግ አምላክ!» ወይም «ምኒልክ ይሙት!» ብላ ከጮኸች ሰውዬው መቆም አለበት። ጥሷት ቢሄድ የንጉሡን ስም እንደ ናቀ ይቆጠርበታል። ከዚያ መንገድ ላይ የተገኘ ጨዋ ሰው ዳኛ ሆኖ ይሰማቸዋል። ነገሩ ከከበደ ወደ ላይኛው ዳኛ ይሄዳል።

ሌላም አለልሽ፦ ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። እሷና የጠረጠረችው ሰው ተቆራኝተው ሲሄዱ፣ በመንገድ ሲነታረኩ አስቢው። እኔ ምዕራፉን ሁሉ ለዚያ እሰጠው ነበር።

ጠያቂ፦ ጀማሪዋ ጸሐፊ

ቁራኛው ገብቷል! ሌባ ሻይስ? ሌባውን እንዲጠቁም አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ በየቤቱ የሚሮጥበትን ትዕይንት ማስገባት አምሮኛል፤ በዛ ይሆን?

የታሪክ መምህሩ

ሌባ ሻይ የሚጠራው ለስርቆት ነው። ስለዚህ የሟቹ ጠገራ ብር ከነከረጢቱ ይጥፋ። ልጁ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ ጌታው ከኋላ ይዞት ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። እንግዲህ የንጹሕ ሰው ቤት ውስጥ ይውደቅልሽ። ጠጅ ቤቷ ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ ሴትዮዋ ነገሩን የምትከታተልበት የራሷ ምክንያት አገኘች።

ነገረ ፈጅ

በዚህ አልስማማም፤ አውጫጭኝ ይበልጥብኛል። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይውላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያይበትን ዓይን መጻፍ ለደራሲ ሲሳይ ነው። ልጁ ሲሮጥ አንባቢ ዝም ብሎ ያያል፤ አውጫጭኙ ላይ ግን እሱም አብሮ ይጠረጥራል።

ቁም ጸሐፊው

የአሻራ ነገር እንዳታነሺ፣ ያኔ ለእኛ አገር አልደረሰም። በምትኩ ደብዳቤ ተጠቀሚ። የመኳንንት ደብዳቤ የሚጻፈው በጸሐፊ እጅ ነው፤ የሚታመነው በማኅተሙ ነው። ማኅተሙ ትክክለኛ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የሌላ ጸሐፊ ቢሆንስ? ማኅተሙን ማን እንደ ያዘው መፈለግ አለባት። እሷ ራሷ ማንበብ የማትችል ከሆነ አንድ የቤተ ክህነት ተማሪ አስጠጊላት። ለምሳው ሲል የሚያነብላት፣ ትንሽ የሚፈራ ልጅ።