ቀኝ እጄ የኔ አልመስል አለኝ፤ ስትሮክ የመታችሁ፣ እናንተስ?

የጣናዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የባሕር ዳር ሰው ነኝ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። ስትሮክ የመታኝ ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ቀኝ ጎኔ በሙሉ ዛለ፣ አፌም ተሳሰረ። ንግግሬ እግዚአብሔር ይመስገን ተመልሷል፤ ሲደክመኝ ብቻ ቃል ይጠፋኛል። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በከዘራ እሄዳለሁ። ያየኝ ሁሉ "ተርፈሻል እኮ፣ ምን ጎደለሽ?" ይለኛል። እውነታቸውን ነው፣ ተርፌያለሁ። የእጄን ነገር ግን ለማን እንደምናገር ጨነቀኝ።

ቀኝ እጄ የኔ አይመስለኝም። ሌሊት ስገላበጥ ከሥሬ ገብቶ ተጣጥፎ አገኘዋለሁ። መቼ እንደገባ አላውቅም። በግራዬ ስዳብሰው ይቀዘቅዛል፣ አብጧል። ቆሜ ስሄድ ክርኔ ይታጠፋል፣ ጣቶቼ ይጨበጣሉ። ጥፍሬን ለመቁረጥ ልጄ አንድ በአንድ ፈልቅቃ ነው የምትከፍታቸው። የገረመኝ ደግሞ ሳዛጋ ነው። ተነሳ ብዬ ስለምነው የማይነሳው እጅ፣ ሳዛጋ ብቻውን ወደ ደረቴ ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ዳንኩ ብዬ እልል ልል ነበር። ማዛጋቴ ሲያበቃ ተመልሶ ወደቀ።

የከፋው ገበታ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን "በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝህ ተቀበል" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እኔው በግራዬ ነው የምበላው። ከልጆቼ ጋር ምንም አይደል። በፋሲካ ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ለእህቴ ልጅ በግራዬ አጎረስኩት። ልጁ ደስ ብሎት ጎረሰ። አንዲት ዘመዳችን "አይ ምስኪን" አለች፣ ቤቱም ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰርግም፣ ተዝካርም፣ ማኅበርም አልሄድኩም። ሰው ሲመጣ እጄን በነጠላ እሸፍናለሁ። ሰላም ሊለኝ እጁን የዘረጋ ሰው የቱን እንደምሰጠው ሳስብ ላብ ያጠምቀኛል። ማማተብ እንኳን በግራ ሆነብኝ፤ እሱ ብቻውን ያስለቅሰኛል።

ይህ ስሜት ይለቃል? ሰው መሃል እንዴት ትበላላችሁ? እጃችሁን ትሸፍናላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እህቴ፣ አይዞሽ። ሰው አልገባው ያለኝን ነገር ነው የጻፍሽው። እኔ አሜሪካ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የኔ ስትሮክ በቀኝ አንጎሌ ስለሆነ የተመታው ግራ ጎኔ ነው። ያንቺ እጅ የሰው እጅ መሰለሽ፤ የኔ ጭራሽ የለም ነበር። ጢሜን ስላጭ ቀኝ ጉንጬን ብቻ ላጭቼ "ጨረስኩ" እል ነበር። ባለቤቴ እንጀራ ስታቀርብልኝ በስተቀኝ ያለውን ወጥ ጨርሼ "ጨምሪልኝ" እላለሁ። በስተግራ ያለው እንዳለ ነው፤ ዓይኔ እያለ አላየውም። ሐኪሙ የቀኝ አንጎል ጉዳት ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሚያደርግ ሲነግረኝ ነው አበድኩ ማለቴን የተውኩት።

ይለቃል ወይ ላልሽው፣ የኔ በብዛት ለቋል። አንገቴን ወደ ግራ አዙሬ እንድፈልግ ያለማቋረጥ አሠሩኝ። መስታወትም ረድቶኛል። ጠረጴዛ ላይ መስታወት በሁለቱ እጆችሽ መሃል ይቆማል፤ የታመመው ከኋላው ይሆናል። ደህናውን እያንቀሳቀስሽ መስታወቱን ስታዪ፣ የታመመው የተንቀሳቀሰ ይመስልሻል። መጀመሪያ አካባቢ አጥወለወለኝ። ጣቶቼ ዛሬም በደንብ አይከፈቱም፤ ክንዴ ግን የራሴ መሆኑ ይሰማኛል። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የገበታው ነገር አልደረሰብኝም፣ ቀኜ ደህና ነውና። እዚህ ግን ሰው "ጠንካራ ነህ፣ ምንም አልሆንክም" ሲለኝ በጣም እናደዳለሁ። ሆኛለሁ እኮ! ሱሪዬን ለመልበስ ተቀምጬ ነው የምታገለው። ሥራዬንም አጥቻለሁ። ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ፊዚዮው ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከማዛጋቱ ልጀምር፤ ብዙ ታካሚዎች ይደነግጡበታል። እጅን በፈቃድ የሚያዝዘው መንገድ ነው የተጎዳው። ማዛጋት ግን ከአንጎል ግንድ፣ ማለትም አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር ከሚያገናኘው ክፍል የሚነሳ፣ ያለ ፈቃዳችን የሚሆን ነገር ነው። በዚያ በኩል ትእዛዙ ክንድ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ የመዳን ምልክት ነው አልልዎትም፤ የሚያስፈራም ግን አይደለም። ቆመው ሲሄዱ ክርንዎ መታጠፉና ጣትዎ መጨበጡ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የጡንቻ መገተር ነው። በዝግታ እየዘረጉ ማቆየት ያስፈልገዋል፤ ከባሰ መድኃኒትም አለው።

እጅዎን ማንም አይጎትተው። ሲያስነሱዎት ብብትዎን ወይም ክንድዎን ይዘው አይሳቡ። የዛለ ትከሻ ከቦታው ዝቅ ይላል፣ ሲጎተት ደግሞ ሕመሙ ለወራት አይለቅም። ወጌሻ ጋ ሄደው በኃይል ታሽተው፣ ትከሻቸው ተጎድቶ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሌሊት በጎንዎ ሲተኙ የታመመውን ክንድ ከፊትዎ ትራስ ላይ ያኑሩት፤ ከሥርዎ አይገባም፣ እብጠቱም ይቀንሳል።

ነጠላውን በተመለከተ ግን እባክዎ ይስሙኝ። እጅዎን አይሸፍኑት። ያልታየና ያልተሠራበት እጅ ሊሠራ የሚችለውንም ይተዋል። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን አጥንቶ፣ ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ የታመመውን ማሠራት የሚባለውን ሕክምና አመጣ። ሲበሉ ቀኝዎን ገበታው ላይ ያውጡት። የሳህኑን ጠርዝ ተጭኖ ይያዝ። ያ ራሱ ሥራ ነው።

ለቅሶው ከበዛ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ድብርት ይይዘዋል፣ ይታከማልም። የግፊት መድኃኒትዎን ደግሞ ጠበል ቢገቡም እንዳያቋርጡ።

የደሴዋ ልጅ

እትዬ፣ የአባቴን ልንገርዎት። እሱም ቀኙን ነው። ማንኪያ ስንሰጠው "ሕፃን ነኝ?" ብሎ ይቆጣ ነበር፤ ለብቻው ሳህን ስናቀርብለት ደግሞ አይነካውም። ከሰው መለየት ነው ያንገበገበው። እኛ በግራው መብላቱ ነው የሚያሳፍረው ብለን ስንጨነቅ፣ እሱ የቸገረው መታጠቡ ነበር። በአንድ እጅ አንድን እጅ ማጠብ አይቻልማ! ማስታጠቢያው ሲመጣ ጣቱን እርጥብ አድርጎ ብቻ ያልፍ ነበር።

አሁን ውሃው ሲመጣ ቀኙን በግራው አንስቶ ሁለቱንም ይዘረጋል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው፣ እኔም ልሁን ጎረቤት፣ ሁለቱንም በሳሙና እናጥብለታለን፤ የተጨበጠውን መዳፍ ከፍተን ውስጡን ጭምር። ከዚያ ገና ገበታው ሳይጀመር ራሱ ጮክ ብሎ "ቀኜ ታሟል፣ ግራዬ ታጥቧል፣ በእሱ ነው የምበላው" ይላል። "ብላ እንጂ አባቴ!" ይሉታል፣ ወሬውም ይቀጥላል። ሌላ ሰው ከንፈሩን ሳይመጥለት እሱ ቀድሞ መናገሩ ነው የጠቀመው። አሁን ያጎርሳል፤ እንቢ ያለው ሰው አላየሁም።

የጣናዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመዳፉን መታጠብ ሳነብ ደነገጥኩ። የኔም መዳፍ ውስጡ ይሸታል፣ ለልጄ እንኳን መናገር አፍሬ ነበር። ዛሬ ነገርኳት፤ አሁን ለብ ያለ ውሃ እያሞቀች ነው።

ነሐሴ ላይ የወንድሜ ልጅ ክርስትና አለ። እሄዳለሁ። እንደ አባትሽ ቀድሜ እናገራለሁ።

ፊዚዮው፣ አንድ ልጠይቅህ። አውራ ጣቴ ሳዝዛት ትንሽ ትንቀሳቀሳለች፣ ሌሎቹ እንቢ ብለዋል። የጓንቱን ሕክምና ልጀምር?

ፊዚዮው ከአዲስ አበባ

ለጊዜው አይጀምሩ። ለእሱ የእጅ አንጓዎና ከአውራ ጣት ሌላ ቢያንስ ሁለት ጣቶች በፈቃድዎ ትንሽ መከፈት አለባቸው። ያለዚያ ደህናውን ማሰር ተስፋ ማስቆረጥ ብቻ ነው፣ የመውደቅ አደጋም አለው። በወንድማችን መስታወት ይጀምሩ፤ ቀለበትና ሰዓት ከደህናው እጅዎ ያውልቁ፣ በመስታወት ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት መምሰል አለባቸው። የአውራ ጣትዎን እንቅስቃሴ ልጅዎ በስልክ ትቅረጸውና በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ለሚያክምዎት ባለሙያ ያሳዩት።