አስማተኛው ሁሉንም ሲጨርስ ተዋጊው ምን ይሥራ?

ጥያቄ፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የታሪክ ጨዋታ 5ኛ እትም ነው የምንጫወተው፣ ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። ሌቭል 5 (5ኛ ደረጃ) ላይ አስማተኛው ፋየርቦል የተባለውን የእሳት አስማት ይለቅና 8 ዳይስ ወርውሮ የተሰበሰበውን ጠላት በሙሉ ያነደዋል። ተዋጊው ሁለቴ ሰይፍ ሰንዝሮ ቁጭ! ተዋጊውን የሚጫወተው ልጅ ከፍቶታል። የአስማተኛውን አቅም ልቀንስ?

መልስ፦ እንዳትነካው! በታሪኩ ውስጥ ባለው አንድ ቀን ስንት ውጊያ አለ? አንድ ብቻ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ ከ6 እስከ 8 ይላል። ያኔ አስማተኛው ተኝቶ እስኪያድር አስማቱ ስለማይሞላለት ይቆጥባል፣ ተዋጊው ግን አንድ ሰዓት አርፎ፣ በአንድ ተራ ደግሞ እንዲሠራ የሚያስችለውን ተጨማሪ እርምጃውን መልሶ ያገኛል።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ግን 8 ውጊያ በአንድ ቁጭ ብሎ ማን ይችላል? የታሪኩን ቀን ለሁለት ሦስት የጨዋታ ቀጠሮ ከፋፍለው። ጠላቶቹንም በትናቸው እንጂ አንድ ላይ አትከምራቸው።

ጠያቂው፦ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ተኝተን እንደር ቢሉኝስ?

መልስ፦ ጊዜ አሳጣቸው። የታሰረው ሰው ጎህ ሲቀድ የሚሰቀል ከሆነ ማን ይተኛል?