ከክትባት በኋላ ልጄን አተኮሰው፤ ሁለተኛውን ዙር ላስከትበው?

ጠያቂ፣ የአራት ኪሎ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ በ6 ሳምንቱ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የፔንታ (ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል) ክትባት ከተወጋ በኋላ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ በማግስቱ ተሻለው፤ ሲወለድ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) የተከተበበት ክንዱም አሁን መግል ቋጥሯል። የ10 ሳምንቱ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። አማቴ «ሰውነቱ ገና አልጠናም፤ ትንሽ ይቆይ» ይላሉ። በልጄ ሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ነርስ፣ ከካዛንቺስ፦
ልጅዎን ያሳድግልዎ። ቀጠሮውን አያሳልፉ፤ ማተኮሱን ግን ለሚከትቡት ባለሙያ ይንገሩ። በፔንታ ውስጥ በሕይወት ያለ ጀርም ስለሌለ ትኩሳቱ በሽታ ገብቶበት የመጣ አይደለም፤ ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያገኙ የሚለቁት መልእክት አንጎል ዘንድ ደርሶ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ ነው። መግሉም በአብዛኛው ቢሲጂውን ሲታገሉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ አይጭመቁት፣ ቅቤም ሆነ ቅባት አይቀቡት፣ በራሱ ደርቆ ጠባሳ ይተዋል። ሲያተኩሰው በጋቢ አይደራርቡበት፣ ጡት ደጋግመው ይስጡት፤ የፓራሲታሞል መጠን በክብደት ስለሚወሰን ባለሙያ ሳይጠይቁ አይስጡት። ትኩሳቱ ከ2 ቀን ካለፈ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ብብቱ ሥር እብጠት ካዩ ግን ሳያድሩ ይውሰዱት።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከፒያሳ፦
አማትዎ «አልጠናም» ማለታቸው ትክክል ነው፤ የሚከተበውም ስላልጠና ነው። ልጅዎን ዛሬ በአብዛኛው የሚጠብቁት ከእርስዎ በእንግዴ ልጅ በኩል ያገኛቸው ፀረ እንግዳ አካላት (ጀርምን የሚዋጉ ፕሮቲኖች) ናቸው፤ እነዚህም በጥቂት ወራት ውስጥ እየቀነሱ ያልቃሉ። የኩፍኝ ክትባት እስከ 9 ወር የሚቆየው እነርሱ ክትባቱን እንዳያከሽፉት ነው፤ ጨቅላዎችን ትንፋሽ የሚያሳጣው ትክትክ ግን ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያው ዙር ጀርሙን የሚለዩ ጥቂት ሴሎች ይነቃሉ፣ ከእነርሱም የተወሰኑት ትውስታውን ይዘው ይቀራሉ፤ በ10 እና በ14 ሳምንት ሲደገም እነዚህ ሴሎች ተባዝተው ፀረ እንግዳ አካላትን በፍጥነትና በብዛት ያመርታሉ። በአንድ ዙር ማቆም ትምህርቱን ከመሃል ማቋረጥ ነው። አማትዎን ክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ እንዳለ ይጠይቋቸው፤ የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን በሽታው የጠፋው እንዲህ ባለ ክትባት ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴ ጠባሳቸውን አሳይተውኛል፤ ማክሰኞም አብረውኝ ይሄዳሉ። እስከዚያ ጉንፋን ቢይዘውስ?

አባት፣ ከአምስት ኪሎ፦
የእኔ ልጅ በ10 ሳምንቷ አፍንጫዋ ታፍኖ ነበር፤ ነርሷ መርምራ ከተበቻት። ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ብቻ የክትባት ካርዱን ይዘው ይሂዱ።