ዴንቴት ላይን ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ እስቲ አግዙኝ

ጤና ይስጥልኝ። የአናቶሚ ፈተና ደርሶብኛል፤ አናል ካናል (የፊንጢጣ ቱቦ) ግን አልገፋ ብሎኛል። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ጣጣው ግን ስንት!

ከዴንቴት ላይን (ቱቦውን ላይና ታች ብሎ ከሚከፍለው ጥርስ መሰል መስመር) በላይ ያለው ክፍል ቢወጋም ቢቆረጥም እምብዛም አያምም። ከታች ያለው ግን የፑደንዳል ነርቭ ቅርንጫፍ ስለሚደርሰው እንደማንኛውም ቆዳ ያማል። የውስጥ ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ሳያምም የሚደማው፣ የውጪው ደግሞ ደም ሲረጋበት የሚያስጮኸው ለዚህ ነው። የታችኛው ክፍል ሊምፍ (ከሰውነት ሕብረ ሕዋስ የሚሰበሰበው ፈሳሽ) ወደ ብሽሽት እንደሚሄድም ይዣለሁ።

ያልገባኝ ይኸውና፦ የውስጥ ኪንታሮት በላስቲክ ሲታሰር ላስቲኩ የሚገባው ከመስመሩ በላይ ነው። ታዲያ አንዳንዱን ታካሚ ለምን ያመዋል? ላስቲኩ ለመስመሩ ስለቀረበ ብቻ ነው ወይስ የስፊንክተሩም (ፊንጢጣን የሚዘጋው ጡንቻ) እጅ አለበት? ወጥቶ አልመለስ ያለውስ ለምን ክፉኛ ያማል? በሥዕል የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስታዬ ነው፤ ጽሑፉንማ በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝ።