መርከብ የተቀረጸባቸው የጥንት ሳንቲሞች፦ ከየትኛው ልጀምር? ይህንንስ ልግዛው?

ጥያቄ፦ ካርሜል ግርጌ (ሐይፋ)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ወደብ አካባቢ ስለሆነ መርከብ ዓይኔ ለምዶታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ መርከብ የተቀረጸባቸውን የጥንት ሳንቲሞች ማሰባሰብ አማረኝ። እስካሁን ግን አንድም አልገዛሁም። በአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሻጭ የብር ሳንቲም በ300 ሰቅል አቅርቦልኛል። በአንድ በኩል ብዙ መቅዘፊያ ያላት መርከብ፣ በሌላው በኩል በሁለት የጦር ዓርማዎች መካከል የቆመ ንስር አለበት። «የማርክ አንቶኒ ነው፤ የክሊዮፓትራ ዘመን» ይላል። ሌሎች ሁለት ተመሳሳይ ሳንቲሞችም አሉት። ልግዛ ወይስ ልተው? በወር ከ200 ሰቅል በላይ ማውጣት የማይችል ሰውስ ከምን ቢጀምር ይሻለዋል? ሕጉንም የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ዓባይ ማዶ (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ በዓይኔ ሳላይ እውነተኛ ነው ወይም ሐሰተኛ ነው ለማለት ይከብደኛል። ዓይነቱ ግን በጣም የታወቀ ነው። የሮማ የጦር መሪ የነበረው ማርክ አንቶኒ ከባላንጣው ከኦክታቪያን ጋር ለሚጠብቀው ጦርነት ሲዘጋጅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31፣ ለጭፍሮቹ ደመወዝ ያስመታው ዲናር የተባለው የሮማ የብር ሳንቲም ነው። ንስሩ የሌጌዎኑ (የሮማ ጦር ክፍል) ዓርማ ነው፤ ከሥሩ የሌጌዎኑ ቁጥር ተጽፏል። አንዳንዱ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሌጌዎኑ ቅጽል ስም ይገኛል። ከነዚህ መካከል ለአንተ የሚስማማህ 17ኛው ሌጌዎን «ክላሲካ» የሚለው ነው፤ የመርከብ ጦር ሌጌዎን ማለት ነው። ሰብሳቢው ሁሉ የሚፈልገው ስለሆነ ዋጋው ግን ከሌሎቹ ከፍ ይላል።

አንቶኒ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ በግሪክ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአክቲየም፣ በባሕር ላይ ድል ሆነ። ሳንቲሙ ግን አልጠፋም። ብሩ ከሌላው ዲናር ያነሰ ስለነበር ሰው ጥሩውን እያስቀመጠ ይህንን ያወጣው ነበር፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ዛሬ ከሚገኙት አብዛኞቹ ተፍቀው መርከቧ በጭንቅ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ያንተኛው የተፈገፈገ ነው ወይስ መቅዘፊያዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ? ጥርት ያለ ሆኖ በ300 ሰቅል ከተሸጠ ጠርጥር።

ከቻልክ በወርቅ ሠሪ ሚዛን አስመዝነው። እውነተኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.3 እስከ 3.9 ግራም ይመዝናሉ። ጠርዙንም በማጉያ መነጽር ዙሪያውን ተመልከት። ከሁሉ በላይ ግን ሻጩ ሦስቱን ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥልህ ጠይቀው። የጥንት ሳንቲም አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታ ስለነበር፣ በአንድ ማኅተም የተመቱ ሁለት ሳንቲሞች እንኳን ጠርዛቸውና አቀማመጣቸው ይለያያል። ጭረቱ፣ ጉድጓዱ፣ የተፈገፈገው ቦታ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ደግሞ የቅርጽ ማውጫ ናት።

መልስ፦ ሽበት (ፍራንክፈርት)

ልጄ፣ ዓባይ ማዶ ስለ ዲናሩ ያለውን እደግፋለሁ። እኔ ስለ አጀማመሩ ልናገር። በአንቶኒ አትጀምር። ሐሰተኛው የበዛው ሰው በሚመኘው ሳንቲም ላይ ነው፤ ዓይንህ ገና አልሠለጠነም። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የሮማ ነሐስ ጀምር፤ ርካሽ ስለሆነ ማንም አስመስሎ ለመሥራት ብዙ አይደክምም።

የመጀመሪያው ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ቁስጥንጥንያን እ.ኤ.አ. በ330 ከመረቀ በኋላ ያስመታው ትንሽ ነሐስ ነው። በፊቱ የራስ ቁር የደፋች የከተማይቱ ምስል አለች። በጀርባው ክንፍ ያላት የድል ምስል በመርከብ ፊት ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ዘንግ፣ በሌላው ጋሻ ይዛለች። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ከምረቃው ስድስት ዓመት በፊት የቆስጠንጢኖስ ልጅ ክሪስፐስ የአባቱን ተቀናቃኝ የሊቂንዮስን መርከቦች በሄሌስፖንት ባሕር ካሸነፈበት ውጊያ ጋር ያያይዙታል። በብዙ ከተሞች ተመትቷል፤ ከምስሉ ግርጌ ያሉት ፊደላት ከተማውን ይነግሩሃል። በ100 ሰቅል ውስጥ ደኅና የሚባለውን ታገኛለህ።

ቀጥሎ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው አለ። በ348 ገደማ በቆስጠንጢኖስ ልጆች በቆንስጣንስና በቆንስጣንጢዮስ ዘመን የወጣው፣ «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» የሚለው ነሐስ ነው፤ የደጉ ዘመን መመለስ እንደ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመርከብ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ፎኒክስ የተባለችውን ወፍ ወይም የድልን ምስል፣ በሌላው የክርስቶስ ስም ምልክት ያለበትን ሰንደቅ ይዟል። በስተ ኋላ የተቀመጠችውን ልብ ብለህ እያት፦ መሪውን መቅዘፊያ የጨበጠችው ራሷ የድል ምስል ናት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ነሐስ ላይ ቀራጩ ይህን ሁሉ አስገብቶታል። ዋጋው ከበጀትህ አይወጣም።

ብር ከፈለግህ ሁለት ወር ቆጥብና በግሪክ በኤቢያ ደሴት የነበረችውን የኢስጢያን ሳንቲም ግዛ፤ ወደ 2 ግራም ነው፤ ከተማይቱ ስሟን የወሰደችባት ሴት በመርከብ ኋላ ላይ ተቀምጣለች። ከግሪክ ብሮች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ደግሞ አሥር የተፋቀ ከምትገዛ አንድ የሚነበብ ግዛ።

ካርሜል ግርጌ

ጋሼ ሽበት፣ ዓባይ ማዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ አየሁት። መቅዘፊያዎቹ በሙሉ ይቆጠራሉ። ሚዛኑ 2.7 ግራም አለ። በጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ የተሞረደም ይመስላል። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከመርከቧ ፊት በላይ ያለችው ትንሽ ጉድጓድ በሦስቱም ላይ እዚያው ቦታ ላይ ናት።

ዓባይ ማዶ

ተወው። መስመሩ የሁለት ቅርጽ ማውጫ መገጣጠሚያ ነው፤ ሚዛኑም ጎድሏል። ሌላው ሁሉ ባይኖር እንኳን ጉድጓዷ ብቻዋን ትበቃለች። ለወደፊቱ አንድ ነገር ያዝ፦ የአሜሪካ የኑሚስማቲክስ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር የሮማ ሪፐብሊክንም የሮማ ነገሥታትንም ሳንቲሞች በነጻ የሚታይ የመረጃ ቋት ውስጥ አስቀምጧል። የአንቶኒ ዲናሮች ክሮፎርድ በተባለው ምሁር የሳንቲም ዝርዝር ቁጥር 544 ሥር ናቸው። ከመግዛትህ በፊት በዚያ ካሉት እውነተኞች ጋር አስተያይ።

መልስ፦ ወለተ ባሕር (ኢየሩሳሌም)

ሕጉን የጠየቅኸውን ማንም አልመለሰልህም። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የእስራኤል የቅርሶች ሕግ መሠረት ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ነው። ቅርስ የሚነግድ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ በገበያ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው እውነተኛ ሳንቲም ብታገኝ እንኳን ችግር ነው። ፈቃዱን አሳየኝ በል፤ ሳንቲሙ የተገለጸበት ደረሰኝም ተቀበል። ከአገር ማውጣት ብትፈልግ ደግሞ የቅርስ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልግሃል። በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ቅርስ መፈለግም ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ይህን ብዙ ወጣቶቻችን አያውቁትም።

በአጀማመሩ ግን ከጋሼ ሽበት ጋር አልስማማም። አንተ ያለኸው በዚህ አገር ነው፤ የዚህን አገር ሳንቲም ለምን ትተዋለህ? ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 የነገሠው የአይሁድ ንጉሥ እስክንድር ያናይ ያስመታት ትንሽ ነሐስ መልሕቅ አለባት። መልሕቁ ቀደም ሲል አገሩን ይገዙ ከነበሩት ከሴሌውቅያ ነገሥታት ሳንቲም የተወሰደ ነው፤ በሌላው በኩል በክብ ውስጥ ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ አለ። በወንጌል መበለቲቱ ወደ መዝገቡ የጣለቻቸው ሁለት ናሶች እንደዚህ ያሉ ነበሩ ተብሎ ይታመናል። እጅግ ብዙ ስለተመቱ ዋጋቸው ትንሽ ነው። የሄሮድስ ልጅ የአርኬላዎስ ነሐስ ላይ ደግሞ ሙሉ መርከብ ወይም የመርከብ ፊት ታገኛለህ።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሐይፋ የሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ሂድ፤ ለአንተ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአትሊት ባሕር ውስጥ የተገኘው የነሐስ መውጊያ እዚያ ነው። 465 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የጠላትን መርከብ ጎን ለመብሳት በመርከብ ፊት ላይ ይገጠም የነበረ ነው። ጫፉ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ ሦስት አግዳሚ ምላጮች አሉት። ጎኑ ላይ የንስር ራስና ኮከብ ያለበት የራስ ቁር ተቀርጿል። ያንን ካየህ በኋላ በሳንቲም ላይ ከመርከብ ፊት በታች ወጣ ብላ የምትታየው ነገር ምን እንደሆነች ማንም ሳይነግርህ ትለያታለህ።

ሽበት

እኅቴ፣ ስለ መልሕቁ ያልሽው እውነት ነው። ነገር ግን የያናይ ሳንቲም በአብዛኛው በግማሽ የተመታ፣ መልሕቁ የተቆረጠ ነው፤ ጀማሪ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው። ሙሉ መልሕቅ ካገኘ ይግዛው። ገንዘብ ሲኖረው ደግሞ ወደ ጥንቶቹ የፊንቄ ወደቦች ወደ ሲዶናና ወደ አርዋድ ይሻገር። ነቢዩ ሕዝቅኤል በጢሮስ ሙሾ የሁለቱን ከተሞች ሰዎች ቀዛፊዎች ይላቸዋል፤ የሁለቱም ከተሞች ብር መርከብ አለበት። የሲዶና ትልቁ ብር ከ25 ግራም በላይ ስለሆነ ለእኛ ኪስ አይደለም፤ ከ1 ግራም በታች የሆኑት ቁርጥራጮች ግን ያችኑ መርከብ በትንሹ ይዘዋል፤ በጀርባቸውም የፋርስ ንጉሥ ከአንበሳ ጋር ይታገላል።

ጥያቄ፦ የአዱሊስ መንገድ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ከአክሱም ሳንቲሞች መርከብ ያለበት አለ? አዱሊስን የሚያህል ወደብ ነበረን፤ አፄ ካሌብም በ6ኛው ምዕተ ዓመት ባሕር ተሻግሮ ዘምቷል።

ዓባይ ማዶ

የለም። የአክሱም ሳንቲም የንጉሡ ምስል፣ የስንዴ ዘለላ፣ ከኢዛና ክርስትና በፊት ጨረቃና ክብ፣ ከዚያ ወዲያ መስቀል ነው። «መርከብ ያለበት የአክሱም ሳንቲም» የሚልህ ካለ አትመነው። አክሱም ውስጥ በገበያ ለሚሸጥልህም ተጠንቀቅ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ለእኛ አሜሪካ ላለነውም ቀላል አይደለም፤ አሜሪካ ከቆጵሮስ የሚመጡ የጥንት ሳንቲሞችን እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከጣሊያን የሚመጡትን በ2011 በገደብ ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። የመጡበትን የሚያሳይ ወረቀት ሳይኖር ከውጭ አላስመጣም።

ካርሜል ግርጌ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሙዚየሙን አያለሁ፤ ከዚያ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የመርከቡን «ፌል ቴምፕ» እጠይቃለሁ። አንድ የቀረ ጥያቄ፦ ስገዛው በሎሚ ወይም በአመድ ላጥበው?

ሽበት

በፍጹም። ሎሚ የነሐሱን ልብስ ይገፍፈዋል፤ አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም። አፈር ካለበት በተጣራ ውኃ ዘፍዝፈውና በለስላሳ የእንጨት ስንጥር ብቻ ንካው። ዱቄት የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ ካየህበት ግን ሕመም ነውና ከሌሎቹ ለይተህ በደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ ወደ ነጋዴውም መልሰው። የሚለጠጥ፣ የፕላስቲክ ሽታ ያለው ከረጢት ውስጥ አታኑር፤ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ፖስታው ላይ የገዛህበትን ቀን፣ ከማን እንደገዛህና ሚዛኑን ጻፍ።