አይቡ ሁሉ አረንጓዴ ሆነብኝ፤ እባካችሁ አንድ መላ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። የማስተርስ መመረቂያ ሥራዬ ላይ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሬአለሁ።

ሥራው አይብ ውስጥ ሊስቴሪያን፣ ማለትም በምግብ የሚተላለፈውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ መፈለግ ነው። ፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚያፈርስበት ኢንዛይም አለው። የኢንዛይሙን ቆራጭ ክፍል ትቼ ግድግዳው ላይ የሚጣበቀውን ብቻ ወሰድኩ፤ ሲቢዲ 500 ይባላል። ከዚያ አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒን፣ ቀጠልኩበት።

ፒቢኤስ በሚባለው የላብራቶሪ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሆን ያምራል! ሴሮቫር 4ቢ የሚባለው የሊስቴሪያ ዓይነት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዙሪያው ቦግ ይላል። ሴሮቫር 1/2ኤ ግን አይበራም። እሱስ አያስጨንቀኝም፤ ሲቢዲ 500 ድሮም የሚይዘው ሴሮቫር 4፣ 5 እና 6ን ነው።

ጣጣው አይብ ላይ ነው። ሊስቴሪያ ያልጨመርኩበት ናሙና ሳይቀር አረንጓዴ ይሆናል። ወተት ውስጥ ያለው ሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ራሱ አረንጓዴ ያበራል። በዚያ ላይ አይብ ጎምዛዛ ነው፤ ጂኤፍፒ ደግሞ ፒኤች ከ6 ሲወርድ ይደበዝዛል። የማልፈልገው ይበራል፣ የምፈልገው ይጠፋል። ሦስት ጊዜ በፒቢኤስ አጠብኩት። በሴንትሪፊዩጅ (በማሽን) በፍጥነት ሳሽከረክረው ግን ባክቴሪያውና የአይቡ ፕሮቲን አብረው ከታች ይዘቅጣሉ።

ጂኤፍፒን ትቼ ቀይ ወደሚያበራው ፕሮቲን፣ ወደ ኤምቼሪ፣ ልሂድ? አሲድ ይችላል፣ ከሪቦፍላቪንም ይርቃል። ግን ክሎኒንጉን (ጂኖቹን የመቀጠሉን ሥራ) ከዜሮ መጀመር ነው፤ አማካሪዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይታየኛል። ወይስ የአይቡን ፕሮቲን፣ ኬዚኑን፣ ሶዲየም ሲትሬት በሚባለው ጨው ላሟሟው? ሲትሬቱ የሲቢዲውን መጣበቅ ያበላሽብኝ ይሆን? በወተትም ቢሆን የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ፐርሰንት እንደተጠቀማችሁ ንገሩኝ።